የካርቶኑ ጀርባ

ባለሸሚዙ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሱቋ የገባ ዕለት፣ ይታጠብልኝ ብሎ የሰጣት ሸሚዝ ንጹሕ ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን ይሄን ከነገር አይቆጥረውም። ተኳሿ ግን ዕድሜዋን በሰው ልብስ ላይ የፈጀች ሴት ናት። እሱ ወጣ እንዳለ ሸሚዙን ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግታ አንገቱን ገለበጠችው። የላብ መስመር የለውም። እጅጌውን አየችው፤ የቀለም ነጠብጣብ እንኳ የለበትም። ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተችው፤ ሳሙና ሳሙና ይላል። ኪሱንም ዳበሰች። ሰው መቼም ከኪሱ አንድ ነገር አያጣም፤ የአውቶቡስ ቲኬት ይረሳል፣ ስንጥር ይረሳል፣ ሌላው ቢቀር ብናኝ ይኖረዋል። የዚህኛው ኪስ ግን ጠራርገው ያስረከቡት ቤት ነው የሚመስለው።

ታጥቦ የተተኮሰ ሸሚዝ ይታጠብልኝ የሚል ሰው ምን ፈልጎ ነው?

እናቷ በሕይወት ሳለች ሥራውን ስታስተምራት፣ ከካውያ አያያዝ እንኳ አስቀድማ ያስተማረቻት ይሄንኑ ነበር። ጆሮ ጠቢ ባዶ እጁን አይመጣም፤ ልብስ ይዞ ነው የሚመጣው። ቁልፍ ይተከልልኝ ብሎ ኮት ያመጣል፤ ክሩን ስታይው ግን በመቀስ የተቆረጠ ነው። ቁልፍ በራሱ ጊዜ ሲወድቅ ክሩ ይሳሳል፣ ይበጣጠሳል እንጂ እንዲህ ጥርት ብሎ አይቆረጥም፤ እናቷ ይህን የምትነግራት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ በሩን እያየች ነበር።

አሁን ያ ዘመን አልፏል ይባላል። ታላቁ ይሉት የነበረው መሪ ከነዘበኞቹ ከተባረረ ቆይቷል። እሺ፣ ጆሮ ጠቢዎቹስ የት ሄዱ? መሬት አልዋጣቸው። አንድ ቦታ ቁጭ ብለው እንደማንኛውም ሰው ሸሚዝ እየለበሱ ነው።

ደግሞ ዓይኑ። ሸሚዙን ሲያቀብላት እሷን አላየም፣ መቼ ይደርሳል ብሎም አልጠየቀም። ሲያይ የነበረው ከተሰቀለው ልብስ ኋላ ያለውን ግድግዳ ነው።

ግድግዳው ቢጫ ነው። መካከሉ ላይ ግን አንድ ሰማያዊ አራት ማዕዘን አለ። በታላቁ ዘመን ቤቱም፣ ሱቁም፣ መሥሪያ ቤቱም በወፍራም ካርቶን ላይ የታተመውን ምስሉን መስቀል ግዴታው ነበር። አንዴ ከተሰቀለ ደግሞ ከምስማሩ ማውረድ ያስጠይቃል። ቤት ሲቀባ እንኳ አይወርድም። ስለዚህ ቀለም ቀቢዎች ዙሪያውን እየቀቡ ያልፉ ነበር፤ ከካርቶኑ ኋላ የድሮው ቀለም እንዳለ ይቀራል። ቤቱ ደጋግሞ ሲቀባ የቀለሙ ጠርዝ እየወፈረ ሄዶ ታላቁን እንደ ክፈፍ ይይዘዋል። የተባረረ ጊዜ ሰው ካርቶኑን እያወረደ አደባባይ ላይ ከመረውና አቃጠለው፤ አራት ማዕዘኑ ግን በየቤቱ አፍጥጦ ቀረ። ቀለም ከገበያ ጠፋ። አንዱ ቁም ሣጥን ገፋበት፣ አንዱ መስተዋት ሰቀለበት። ተኳሿም የደንበኞቿን ኮት ትሰቅልበታለች።

ይሄን የማያውቅ የለም። ሰው የማያውቀው የእሷ ካርቶን አለመቃጠሉን ነው።

ታላቁ ሥልጣን በያዘ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ወንድሟን ከትምህርት ቤት በር ላይ ወሰዱት። በዚያው ቀረ። እሷ ያኔ የወተት ጥርሷ ገና ያልወለቀ ሕፃን ነበረች። ወዲያው ትእዛዝ ወጣ፤ የተወሰደ ሰው ጠላት ነው፣ የጠላትን ፎቶ ቤት ማስቀመጥ ክልክል ነው ተባለ። ፈታሾች መጥተው መኖሪያቸውም የነበረውን ይህንኑ ሱቅ አመሱት፤ አልበሙን ባዶ አደረጉት፣ ከክፍል ጓደኞቹ ጋር የተነሳውን ሳይቀር ወሰዱ። እናቷ ጡቷ ሥር የሸጎጠቻት መዳፍ የምታህል አንዲት ፎቶ ብቻ ተረፈች።

በዚያው ሰሞን ነው የታላቁ ካርቶን በየቤቱ የታደለው። እናትየው ካርቶኑን ተቀብላ ገባች፣ በሩን ዘጋች፣ ገለበጠችውና የልጇን ፎቶ ጀርባው ላይ በጫማ ማስቲሽ ለጠፈችው። ከዚያ ሰቀለችው። ፈታሾቹ ከዚያ በኋላም ተመላልሰዋል። ፍራሽ ተርትረዋል፣ የወለል ጣውላ ነቅለዋል። ያን ካርቶን ለመገልበጥ እጁን የሚያነሳ ወንድ ግን ከመካከላቸው አልተገኘም።

እናትየው በየማለዳው በለስላሳ ጨርቅ ታላቁን ትወለውለዋለች። ወልውላ አትሄድም፤ እጇን ጠርዙ ላይ አድርጋ ትቆያለች። ይሄን ጎረቤት ያያል። ከዚያ በኋላ ነው መንገዱ ሁሉ የታላቁ አማት የሚላት። ስትሞት ቅጽል ስሙ ለልጅየው ተላለፈ፤ የእሷ ደግሞ ብሶ የታላቁ ሚስት ሆነ። ፊት ለፊት የሚላት የለም፤ ዞር ስትል ግን ይደርሳታል።

ካርቶኑ በተቃጠለ ዕለት ታዲያ ሰው ሁሉ እሷን ነበር የሚያየው። ጓሮ ውስጥ ሌላ ካርቶን አቃጥላ፣ የእኔን ቀድሜ አቃጥዬዋለሁ ብላ አመዱን አሳየች። የሠፈሩ ኮሚቴ ሊቀመንበር ቡናማ ካፖርት የምትለብስ ዝምተኛ ሴት ናት። አመዱን በጫማዋ ጫፍ በተን በተን አድርጋ አየችውና ምንም ሳትል ሄደች። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ከተኳሿ ሆድ አልወጣም። ሱቁ የመንግሥት ነው። ውል የሚታደሰው ኮሚቴው ሲመሰክር ነው። ከታችኛው መንገድ የድሮ ናፋቂ ናችሁ ተብለው ሱቃቸው የታሸገባቸው አሉ። ካርቶኑ ቢገኝባት የታላቁ ሚስት መሆኗ ተረጋገጠ ማለት ነው፤ ካውያዋን ይዛ መንገድ ላይ ትቆማለች። እንዳታቃጥለው ደግሞ የወንድሟ መልክ ያለው እዚያ ላይ ብቻ ነው። ዓይኗን ጨፍና ላስታውሰው ብትል የሚመጣላት ፎቶው እንጂ ሰውየው አይደለም።

ላላቅቀው ብላ አንድ ቀን ሞክራ ነበር። ጥግ ላይ በጥፍሯ ስታነሳው ከወንድሟ ኮሌታ ላይ ትንሽ ተልጦ ነጭ ሆነ። ወዲያው ተወችው። ስለዚህ ካርቶኑ የመተኮሻ ጠረጴዛዋ ላይ፣ ልብስ በምታጥፍበት በኩል፣ ከወፍራሙ ብርድ ልብስ ሥር ተኝቷል። ታላቁ በአፍ ጢሙ ተደፍቶ፣ ወንድሟ ደግሞ ሽቅብ እያየ። ሱቁ ጭር ሲል የብርድ ልብሱን ጫፍ ገለጥ አድርጋ ታየዋለች።

ባለሸሚዙ ሸሚዙን ሊወስድ ሲመጣ ሳታጥበው ካውያ ብቻ አሳልፋበት ሰቅላዋለች።

«ሸሚዝዎ ብዙም አላስቸገረኝ» አለችው፣ «ጨዋ ቆሻሻ ነው ያለው።» በዕድሜ ታናሿ ነው፤ ግን የማታምነውን ሰው አንተ ማለት አትደፍርም።

አንገቱን ደፍቶ ፈገግ አለ። ባዶ እጁን መግባት አሳፍሮት፣ ያለችውን አንዲት ደህና ሸሚዝ ራሱ አጥቦ እንዳመጣት ነገራት። እንዲህ ቶሎ ማመኑ ይባስ አስጠረጠራት። የድሮዎቹ አያምኑም ነበር፤ የአሁኖቹ ሠልጥነው ይሆናል።

ከዚያ ሥራውን አስረዳት። ፊልም ይሠራል። ፊልሙ ውስጥ ግን ተዋናይ የለም፣ ንግግር የለም፣ ዘፈንም የለም። በየቤቱ እየዞረ እነዚያን የግድግዳ ምልክቶች ብቻ ያነሳል። አንዱን አራት ማዕዘን ዝም ብሎ ያሳያል፣ ከዚያ ሌላውን ያሳያል፣ አለቀ። የሚያነሳበትም ፊልም የታላቁን በዓላት ሊቀርጹበት ተዘጋጅቶ መጋዘን ውስጥ የተረፈ ነው፤ ጊዜው ስላለፈበት ነጠብጣብ ነጠብጣብ ይልበታል። ባለካሜራው ይሄን ሲያወራ ዓይኑ ይበራል። ተኳሿ ግን በሆድዋ፣ ግድግዳ የሚያይ ሰው ቤቱ የማን እንደሆነ ሳይመዘግብ አይቀርም ትላለች።

ትይዩ ካለው ሱቅ መከለያ ሥር ሁልጊዜ የሚቀመጠው ሽማግሌ ጫማ ሰፊ ጆሮውን ጥሎ ኖሯል። ሰው በሌለበት ፊልም ተገረመ። «ጎበዝ፣ ግድግዳ እንኳ ሥራ አገኘ፤ እኛ ቁጭ ብለናል» አለ መዶሻውን ሳያቋርጥ።

ተኳሿ፣ ግድግዳው የመንግሥት ነው፣ መንግሥትን ያስፈቅዱ ብላ ነገሩን ልትዘጋው ሞከረች። ባለካሜራውም እሺ አለ። ሸሚዙን ተቀብሎ ሊወጣ ሲል ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ግድግዳው ባይሆንም ግድ የለም። ካርቶኑ ካለ ግን… ፊቱን ማለቴ አይደለም። ፊቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። እኔ የምፈልገው ጀርባውን ነው።»

«ተቃጥሏል» አለችው። «አመዱን ኮሚቴው አይቶታል። ሄደው ይጠይቁ።»

እሱ ይቅርታ ጠየቃት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በድሮው የስብሰባ አዳራሽ እስካሁን የሠራውን ለሠፈሩ ሰው እንደሚያሳይ ነግሯት ወጣ። እሷ እዚያው እንደ ቆመች የተቃጠለ ነገር ሸተታት። ካውያው የሰው ሱሪ ላይ ቆሞ ነበር። ሥራ ከጀመረች አንስቶ የሰው ልብስ አቃጥላ አታውቅም።

ጀርባውን እንዴት ብሎ ጠየቃት? ጀርባ የሚባል ነገር መኖሩን የሚያውቁት እናቷና እሷ ብቻ ናቸው። እናቷ ሞታለች። ተኳሿ የገባ የወጣውን ደንበኛ ሁሉ በሐሳቧ እያስነሳች መረመረችው። ብርድ ልብሱን ስትገልጥ በመስኮት ያየ አለ? መስኮቱ ላይ ጋዜጣ ለጠፈች። ደግሞ አዲስ ጋዜጣ መለጠፏ ራሱ ምን ያስብላል ብላ አነሳችው።

በዕረፍቷ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሱቁን ከውስጥ ቆልፋ ቁርጥ ነገር ልታደርግ ተነሳች። ፎቶውን በእንፋሎት ታላቅቀዋለች፣ ታላቁን ታቃጥላለች፣ ትገላገላለች። ጨርቅ አርሳ ፎቶው ላይ አለበሰችና ካውያውን ሳታሳርፍ ከላይ ከላይ አሳለፈችው። ጥቂት ቆይቶ ሽታ ወጣ፤ የማስቲሽ ሽታ፣ አዲስ ጫማ የሚሸተው ዓይነት። ጨርቁን ስትገልጠው የወንድሟ ፊት ሊያለቅስ እንደሚል ልጅ ተሸብሽቧል። ካውያውን ወረወረችና በጉልበቷ ተንበርክካ እፍ እፍ ትለው ጀመር። ሲበርድ ቀስ እያለ ተመለሰ፤ ከጉንጩ ላይ አንድ መስመር ብቻ ቀረ።

እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ እንዳለች ነው ሐሳቡ የመጣላት። ማስቲሽ። እናቷ ማስቲሽ ከየት አመጣች? ማስቲሽ ያለው አንድ ሰው ጋ ነው።

በማግስቱ የልብስ መስቀያውን ገፍታ በሩ አጠገብ አቆመችው፤ ከጫማ ሰፊው ጋር እንዳይተያዩ። ሽማግሌው ሁሌ እንደሚጠራት እመት ካውያ ብሎ ጠርቷት፣ ደመና መጣ እንዴ፣ ምነው ጨለምሽብን አላት። አልመለሰችለትም። ቀኑን ሙሉ የመዶሻው ድምፅ ራሷ ላይ የሚያርፍ ይመስላት ነበር።

ቅዳሜ ወደ አዳራሹ የሄደችው ፊልም አምሯት ሳይሆን ሁለቱ ሰዎች አንድ ላይ መሆናቸውን በዓይኗ ለማየት ነው።

ያን አዳራሽ ሁሉም ያውቀዋል። በታላቁ ዘመን የታላቁን ፊልም በግዴታ የሚያዩበት ነበር። በሩ ይቆለፋል፤ የሚያጨበጭብና የማያጨበጭብ እየተለየ ይመዘገባል። ተኳሿ በሩ ጥግ ተቀመጠች፤ ከመቀመጧም በፊት መቀርቀሪያውን ነካ አድርጋ አየችው። አልተቆለፈም። ሊቀመንበሯ ቡናማ ካፖርቷን ለብሳ ፊተኛው ረድፍ ላይ አለች። ጫማ ሰፊው ያለችውን አንዲት ጃኬት ለብሶ ከባለካሜራው ጋር እየተንሾካሾከ ነው። በቃ፣ ይኸው፣ አለች በሆድዋ።

መብራት ጠፋ። ሸራው ላይ አንድ ካርቶን መጣ፤ ጀርባው። ቡናማ ነው፣ ጥግ ላይ የማተሚያ ቤቱ ሰማያዊ ማኅተም አለበት። ድምፅ የለም። ዝም ብሎ ይቆያል። ሰው ማጉረምረም ጀመረ። አንዱ ፊልሙ ተቀርቅሯል አለ፤ ሌላው ገልብጡልን እንጂ ሲል ተሳቀ። ከዚያ ሌላ ካርቶን መጣ፤ ያንኑ ማኅተም የያዘ፣ የሸረሪት ድር ያለበት። ከዚያ ያለ ካርቶን የቀረ ግድግዳ፤ አረንጓዴ ውስጥ ሮዝ አራት ማዕዘን። ደግሞ ሌላ ጀርባ። እዚህኛው ላይ የሕፃን ልጅ የፈተና ወረቀት ተለጥፏል። በሚቀጥለው ላይ የሴት ልጅ የጠጉር ማሰሪያ ጥብጣብ። በሚቀጥለው ላይ ግማሹ የተቀደደ ፎቶ። በሚቀጥለው ላይ ሙሉ ፊት።

ሳቁ ቆመ። ማን እንደሆነ አይታይም፤ ከመካከል አንዲት ሴት «የኔ ነው» አለች፣ ለራሷ እንደምትናገር ሆና። አንድ ሰውዬ ባርኔጣውን አወለቀ። አንዱ ፊት አልፎ ሌላው ይመጣል፤ ወጣት፣ ጎልማሳ፣ መነጽር ያደረገ፣ ጺም ያላወጣ። ሁሉም ዙሪያቸው ላይ ያው የደረቀ ቢጫ ነገር አለ። ተኳሿ ያን ቢጫ ነገር ታውቀዋለች።

እናቷ ያን ሁሉ ዓመት ብቻዋን መስሏት ነው የወለወለችው። ከጎን ያለችው ጎረቤት ስትወለውል ደግሞ ታላቁን ወዳ ነው ብላ ፊቷን ታዞርባት ነበር።

መብራት ሲመጣ ማንም አላጨበጨበም። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ሳይታዘዙ ማጨብጨብን የለመደ የለም። ሰው እርስ በርሱ ሳይተያይ ወጣ። ተኳሿ ግን አልተረጋጋችም። ይሄ ሁሉ ፊት፣ ይሄ ሁሉ የቤት ምሥጢር፣ በአንድ ሰው እጅ ነው ያለው። ነገ ያ ሰው ለማን እንደሚሰጠው ማን ያውቃል?

ጫማ ሰፊውን የአዳራሹ ደረጃ ላይ ያዘችው።

«ጋሼ፣ አንተ ነህ የነገርከው።»

ሽማግሌው አልካደም። «ካርቶኑ የታደለ ሰሞን እናትሽ ማስቲሽ ስጠኝ ብላ መጣች። ጫማ አልያዘችም። ማግስቱን ሌላዋ መጣች። እሷም ጫማ የለ። ያን ሰሞን አንድ ጫማ ሳልለጥፍ ጣሳዬ አለቀ።»

«ያኔስ ለማን ተናገርክ?»

«ያኔማ ለማን እናገራለሁ። አሁን ለዚህ ነገርኩት። ሳልሞት ጀርባውን ልየው ብዬ።»

«የታላቁ አማት የሚለውን ያወጣላትስ ማነው?»

እዚህ ላይ ሽማግሌው ጃኬቱን ቆለፈ፣ ደግሞ ፈታ። ያወጣው እሱ ነው። ፈታሾች በመንገዱ ሲያልፉ ሆን ብሎ ጮክ እያለ ይጠራት ነበር፤ የታላቁን አማት ቤት ማን ይነካል ብለው እንዲያልፉ። እንደዚያ ነው ያላት። ተኳሿ ቁልቁል አየችው። እውነቱን ሊሆን ይችላል። አሁን ደረጃው ላይ የፈጠረውም ሊሆን ይችላል። እናቷ በዚያ ስም ምክንያት ገበያ መውጣት ተጸይፋ ነበር። «ይሄን ለእሷ ብትነግራት ምን ነበረበት?» አለችውና ጥላው ሄደች።

እንግዲህ ሴትየዋ ለቀናት ከራሷ ጋር ስትሟገት ከረመች። እነዚያ ሁሉ ሰዎች ሸራ ላይ ወጥተዋል፤ ወንድሟ ብቻ ከብርድ ልብስ ሥር ነው። ፈታሾቹ ያላገኙትን እሷ ራሷ ደብቃ ልታስቀረው ነው። ደግሞ ሊቀመንበሯ ፊት ለፊት ተቀምጣ እያንዳንዱን ስታይ ነበር፤ ለቅሶ ልትደርስ ነው ወይስ ልትቆጥር?

በመጨረሻ በጫማ ሰፊው በኩል ባለካሜራውን አስጠራችው። እንደገባ ቅድመ ሁኔታዎቿን አስቀመጠች። ፊቷ አይታይም፣ እጇ አይታይም፣ መንገዱ አይታይም፣ ማንነቷ አይነገርም። ፊልሙ ታጥቦ ሲወጣም ከሰው ሁሉ በፊት እሷ ታየዋለች። በሁሉም ተስማማ። ጫማ ሰፊው ከደጅ ይጠብቃል፤ መዶሻው እስከተሰማ ድረስ መንገዱ ሰላም ነው፣ መዶሻው ቆመ ማለት ሰው መጣ ማለት ነው።

ብርድ ልብሱን ገልጣ አወጣችው። እጇ እንዳይታይ ካርቶኑን እንደ ሱሪ ባለ መቆንጠጫው መስቀያ ላይ ቆንጥጣ ከልብሱ መካከል ሰቀለችው። ወንድሟ ከሸሚዞቹ መካከል ብቅ አለ። ባለካሜራው ምንም ሳይናገር ካሜራውን አስተካከለ። ካሜራው ማንኮራፋት ጀመረ። ውጭ መዶሻው ይሰማል፤ ቷ፣ ቷ፣ ቷ።

ያላሰበችው ነገር ቢኖር መስቀያ እንደሚዞር ነው። በበሩ ሥር ነፋስ ገባ፣ ሸሚዞቹ ወዝወዝ አሉ፣ ካርቶኑም ቀስ ብሎ ዞረ። ወንድሟ እየጠበበ፣ እየጠበበ ሄዶ ጠፋ። ከዚያ ታላቁ ከነሙሉ ልብሱ መጣ፤ በመስታወቱ በር አሻግሮ መንገዱን ያያል። በዚያው ቅጽበት መዶሻው ቆመ።

ተኳሿ መቼ እንደዘለለች አታውቅም። ካርቶኑን ከመቆንጠጫው መንጭቃ ደረቷ ላይ ለጠፈችው፤ ታላቁ በፊቱ ጡቷ ላይ ተደፋ። በሩ ሲከፈት እንደዚያ ሆና ቆማለች። የገባችው ሊቀመንበሯ ናት፤ እንዲተኮስላት ሰጥታት የነበረውን ቡናማ ካፖርቷን ልትወስድ።

ሊቀመንበሯ ካሜራውን አየች። ባለካሜራውን አየች። ከዚያ ከተኳሿ ደረት ላይ የሚያያትን ወጣት አየች፤ ኮሌታው የተላጠ፣ ጉንጩ ላይ መስመር ያለበት። ጥግ ላይ ያለውን ሰማያዊ ማኅተምም አየች። ያ ማኅተም ያለበት ካርቶን በፊት ለፊቱ ማን እንዳለበት ለማወቅ ማንም መገልበጥ አያስፈልገውም።

«ማነው?» አለች።

ማንም አይደለም ማለት ይቻላል፤ እናቷ በየፍተሻው እንደዚያ ስትል ነው የኖረችው።

«ወንድሜ ነው» አለች ተኳሿ። «በመጀመሪያው ዓመት ነው የወሰዱት።» ይሄን ቃል ከአፏ አውጥታ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው።

ሊቀመንበሯ ካፖርቷን ከመስቀያው ራሷ አወረደች፣ አንገቱን ገለበጥ አድርጋ አየችና ክንዷ ላይ አደረገችው።

«ያን ዕለት አመዱ አንሶኝ ነበር» አለች። በሩ ጋ ስትደርስ ደግሞ ቆመች። «የኛን ሳቃጥለው ገልብጬ አይቼዋለሁ። ባዶ ነበር።»

ወጣች።

ተኳሿ ያ ምን ማለት እንደሆነ አልገባትም። ማስፈራሪያ ነው? ሐዘን ነው? የእኔ ቤት ሰው ንጹሕ ነበር ማለቷ ነው ወይስ የሚለጠፍ ፎቶ እንኳ አልተረፈንም ማለቷ? ካፖርቷን የያዘችበትን አኳኋን ሁሉ በሐሳቧ ብትመረምር ምንም አላገኘችም።

ጫማ ሰፊው መዶሻውን እንደያዘ አንገቱን በበሩ አስገባ። እሷ አሁንም ካርቶኑን እንዳቀፈች ናት።

«አሁንስ የእውነት ሚስቱ ሆነሻል» አላት።

ቁልቁል አየች። የታላቁ ግንባር አገጯ ሥር ነው። ሳቅ አፈናት፤ ከሳቁም እንባው ቀደመ። ካርቶኑን ከደረቷ አራቀችና ወደ ባለካሜራው ዞረች።

«ቀረጽከው?»

አንተ ስትለው ይህ የመጀመሪያዋ ነው። እሱ ካሜራውን አላቆመም ነበር። እጇም ይታያል፣ አገጯም ይታያል፤ ከፈለጉ እቆርጠዋለሁ አላት። አስባ አስባ፣ አገጩን ቁረጠው፣ እጁ ይሁን አለችው።

ከዚያ የሰውን ኮት አንድ በአንድ ከግድግዳው ላይ አነሳች። ምስማሩ እንዳለ ነው። ካርቶኑን ገልብጣ፣ ወንድሟን ወደ ሰው፣ ታላቁን ወደ ግድግዳው አድርጋ ሰቀለችው። ሰማያዊው አራት ማዕዘን በወፈረው ጠርዙ ልክክ አድርጎ ያዘው፤ ሲወጣ ሲገባ ኖሮ አሁን ቦታውን ያገኘ ይመስላል። ባለካሜራው ያንንም አነሳው።

ውሉ እስከ ዛሬ አልታደሰም፤ ሱቁም አልታሸገም። ተኳሿ ማለዳ ማለዳ በለስላሳ ጨርቅ ትወለውለዋለች። የሚያልፍ ሰው ያያታል። የሚያውቅ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል፤ የማያውቅ ደግሞ ማኅተሙን አይቶ ይቺ ሴት ከዚያኛው በኩል ማንን ነው የሰቀለችው ብሎ ዓይኑን ያጠብባል። እሷም ብትሆን ሱቋን ስትከፍት ገና መብራት ሳታበራ የምትፈትሸው አንድ ነገር አለ፤ ከሁለቱ የትኛው ወደ በሩ እንደሚያይ።